የእንግዴ ልጅ ሚዛን

ባሕሩ ከግድቡ ማዶ፣ ሜዳው ከግድቡ ወዲህ፤
ፍሪስላንድ ነው አገሩ፣ ነፋስ ነው ጌታው እዚህ።
ከዎርኩም በብስክሌት ግማሽ ሰዓት ቢሄዱ፣
አሥራ ሁለት ባዝራ አለ፣ ጥቁር፣ ገፍቶ ሆዱ።

ባለቤታቸው ሹክየ ናት፤ ሹክ ማለት ግን አልፈጠረባት፤
ይበረግጋል ዳክዬው ሁሉ፣ ከቦዩ ሆኖ የሰማት።
"አንቺ ባለ ዱቄት!" ትለኛለች፣ ስሜ ከብዶ ለምላሷ፤
እኔም የሷን አጣምማለሁ፤ ተቻችለናል፣ እኔና እሷ።

ያመጣሁት ሁለት ባልዲ፣ ቀይ አንዱ፣ ሰማያዊ አንዱ፤
ዱቄቱ ግን አንድ መልክ ነው፤ ነጭ ነው፣ ስውር ነው ጉዱ።
ባንደኛው አርጂኒን አለ፣ ከፕሮቲን ጡቦች አንድ ጡብ፣
አሚኖ አሲድ፤ መራራ፣ ፈረስ የማያስጎመጅ ምግብ።
የደም ሥር ያሰፋል ይላሉ፤ ማሕፀን ደም እንዲጠግብ፣
ሽሉ በደንብ እንዲበላ፣ ኋላም ማሕፀኗ እንዲሰበሰብ።
በሌላው? ምንም። ማስመሰያ።
የቱ የቱ እንደሆነ መልሱ
በፖስታ ታሽጓል፣ ባለቃዬ መሳቢያ።
መቶ ግራም በየማታው፣ ከአጃ ጋር በሞላሰስ ታሽቶ፤
"የማያውቅ እጅ አያዳላም" ይላል ደንቡ፣ በቀይ ጎልቶ።

ሰባተኛዋ ኒንከ ናት፣ የሰማያዊው ባልዲ። ያቺ ያምናዋ።
አምና ውርንጭላው ወጥቶ ቀረ የእንግዴ ልጁ፤
ሦስት ሰዓት ጠበቁ። ስድስት። ሐኪም መጣ፣ ገባ እጁ፤
ቁራጩ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ ትኩሳት ሆነ በማግሥቱ፣
ከማሕፀን ወደ ኮቴ ወርዶ ነደዱ አራቱም፣ አራቱ።
ሰባት ሌሊት ሹክየ በበረዶ ውሃ አቆመቻት፤
ጎረቤቷ ዶውየ "ገላግያት" ቢላት፣ በአካፋ ልትመታው ቃጣት።

የዘሩ ነው ይላሉ። ጥቁረቱ እንዲጠራ ብለው፣
ዘመድ ለዘመድ ሲድሩ፣ ስንት ትውልድ መዝግበው፣
ማሕፀኑ እንግዳ መሸኘት ረሳ።
በእኔ ቋንቋ ስሙ ራሱ ያውቃል፤ የእንግዴ ልጅ ነው፣ የእንግዳ፤
መጥቶ፣ አብልቶ፣ አጠጥቶ፣ በጊዜ ካልወጣ ፍዳ።

ሚያዝያ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ስልኬ ጮኸ። "ሰም!" አለች።
ጡቷ ጫፍ ላይ ሰም ቋጥሯል፤ ወርቁ ከሥሩ፣ እንገሩ፤
ቅኔው እስኪፈታ ጠበቅን፣ ተቀምጠን በሣሩ።
ውሃው ፈሰሰ። ሁለት ኮቴ። አፍንጫ። ሃያ ደቂቃ።
ወንድ ነው፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ጆሮው ገና ያልነቃ።

ፍርሃቱ ከዚያ ነበር። የግድግዳውን ሰዓት አየን።
አንድ ሰዓት። የተንጠለጠለውን ቋጠርኩት፣ እንዳትረግጠው።
አንድ ሰዓት ተኩል። ነፋስ። ሹክየ ጥፍሯን ትበላለች።
ሁለት ሊሞላ ሲል
ዱብ አለ።

እንደ ሱሪ ዘረጋሁት ገለባ ላይ፤ እግር አለው ሁለት፣
አንዱ ውርንጭላው የተኛበት፣ አንዱ ባዶ ቤት።
ጫፍ ጫፉን በጣቴ ዳሰስኩ፤ ቅዳጅ የለውም፣ ሙሉ ነው።
ሚዛን ላይ፤ አምስት ኪሎ ከስድስት መቶ።

ያኔ ነው ሹክየ
ሹክ ያለችኝ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፤
"አንቺ በብስክሌትሽ ስትሄጂ፣ ከኋላ እጨምርላት ነበር።
የቱ እንደሆነ ስለማላውቅ
ከሁለቱም።"

ማን ይፈርድባታል? በበረዶ ውሃ ያደረ እጅ ነው።
የማያውቅ እጅ አያዳላም? ሳያውቅም አዳላ፣ ይኸው።
ቅጹን አወጣሁ። ቁጥር ሰባት፤ ሰረዝኳት፣ አሥራ አንድ ቀሩ።
ውርንጭላው አራት ጊዜ ወድቆ፣ ባምስተኛው ደረሰ ከእንገሩ።
ፖስታው ሰኔ ላይ ይከፈታል፤ ስለ ኒንከ የሚለው የለም።

ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለስኩ። አምስት ኪሎ ከስድስት መቶ
የትም አልተመዘገበም፤
እጄ ላይ ግን ነበረ እስከ ማግሥቱ፣ ሸትቶ።